ለኡርዱ ተናጋሪዎች፦ ችግሩ «ሴ» ላይ ነው

እንግሊዝኛ የምታስተምራቸው ፓኪስታናውያን ተማሪዎችህ አሥር ጊዜ ቢታረሙም «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ ቱ ይርስ» ማለታቸውን አልተዉም ብለሃል፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ፎር ቱ ይርስ» ነው፣ ማለትም እዚህ ስሠራ ሁለት ዓመቴ ነው። ስህተታቸው አይገርምም፤ በኡርዱ «ዶ ሳል ሴ ካም ካር ራሃ ሁን» ነው የሚባለው። «ዶ ሳል» ሁለት ዓመት ነው፤ «ሴ» ለመነሻ ጊዜም ለቆይታም ያገለግላል፣ «ራሃ ሁን» ደግሞ «እየሠራሁ ነው» ማለት ነው። ቃል በቃል ሲገለብጡት ያው ስህተት ይወጣል።

ሕጉን መድገሙን ተወውና ቆይታን (ፎር) ከመነሻ (ሲንስ) አስለያቸው። በኡርዱ አሥር የጊዜ ሐረጎች ጻፍላቸው፦ «ዶ ሳል ሴ» ቆይታ ስለሆነ ፎር፣ «ፒር ሴ» ማለትም ከሰኞ ጀምሮ፣ መነሻ ስለሆነ ሲንስ። አሥሩንም ሳይሳሳቱ ሲለዩ ብቻ «ሃቭ ቢን ወርኪንግ»ን አምጣ። ሁለቱን ባንድ ቀን ካስተማርክ ይደበላለቅባቸዋል።

ቃላትን ነጥለህ አታስጠና። የኡርዱው «ካል» ትናንትም ነገም ነው፤ የሚለየው ግሱ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ የስተርዴይን ከ«ዌንት»፣ ቱሞሮውን ከ«ዊል ጎ» ጋር ጻፍ።

«ዘ» እና «ኤ»ን ለጊዜው እለፋቸው፤ ኡርዱ እንደነሱ ያለ መስተአምር ስለሌለው ብዙ ወር ይፈጃል። «ስኩል»ን «ኢስኩል» ለሚሉት ግን መላው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ «ስስስ» ብለው ያስረዝሙ፣ ሳያቋርጡ «ኩል» ይቀጥሉ።