የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአሮጌው 1113 ቱርቦ ይገጠም ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለቴክኒክ አምድ አዘጋጅ። ከአባቴ የወረስኩት መርሰዲስ 1113 የጭነት መኪና አለኝ፤ ከጎጃም ጤፍና በቆሎ ጭኜ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ሞተሩ ሙሉ እድሳት ከተደረገለት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ዘይት አይበላም፣ ጠዋትም ሳያስቸግር ይነሣል። ሲጫን ግን ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው የሚወጣው፤ ከኋላዬ የሚመጣውም ሰው በጥቁር ጭስ ይታፈናል። አንድ መካኒክ ከሌላ መኪና የተፈታ ቱርቦ እንግጠምለትና የፖምፓውን ነዳጅ ከፍ እናድርግለት፣ እንደ አዲስ ይወጣል ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
— አንባቢያችሁ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ በሞተሩ ጭስ በሚሽከረከር ተርባይን ኃይል ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋውን ዕቃ፣ ቱርቦውን፣ ቢያስገጥሙ አልቃወምም፤ ነዳጁን ከፍ ስለማድረግ የተነገረዎትን ግን እባክዎ አይቀበሉ። የማልቀበልበትን ምክንያት ለማስረዳት ከጭሱ ልነሣ።

የመኪናዎ ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል፤ 11 አጠቃላይ ክብደቱን በቶን፣ 13 ደግሞ 130 የሆነውን የፈረስ ጉልበቱን ያመለክታል። ይህ 130 የተሰላው ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ባለው አየር ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎሐ ጽዮን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በድምሩ 5.7 ሊትር የሚይዙት ስድስቱ ሲሊንደሮች የሚስቡት አየርም በሩብ ያህል ይቀንሳል። የዚያ ዘመን ፖምፓ ግን ከፍታ መጨመሩን አያውቅም፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጡት ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ደጋ ላይም ይሰጣል። የሚቃጠልበት አየር ያጣው ነዳጅ ነው እንግዲህ ጠቁሮ በማርሚታው የሚወጣው። ነዳጅ ለተረፈውና አየር ለጎደለው ሞተር ነዳጅ መጨመር ምን ይባላል?

የቱርቦ ታሪክም ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሂ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ከራስ ዳሽን ብዙም ወደማያንሰው፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ወስዶት ነበር። ፍላጎቱም ሞተሩ በስስ አየር ያጣውን ጉልበት በቱርቦ መመለስ ነበር፤ ተሳክቶለታልም። የእርስዎም ችግር በትንሹ ይኸው ነው። ቱርቦው 0.3 ባር ያህል ግፊት ቢጨምርልዎ (በባሕር ጠለል ያለው የአየር ግፊት አንድ ባር ያህል ነው)፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ሞተርዎ የሚያገኘው አየር ቆላ ላይ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል፤ የፖምፓው ነዳጅ ባለበት ሆኖ ጭሱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይመለሳል። እኔ ብሆን ከ0.5 ባር አላስበልጥም።

ፋብሪካው ራሱ ለዚህ ሞተር ባለ ቱርቦ ወንድም ሠርቶለት እንደነበረና ጉልበቱም 170 ገደማ መድረሱን መካኒክዎ ሊያነሣብዎ ይችላል። እውነት ነው፤ ሆኖም ያኛው ሞተር ፒስተኑን ጨምሮ የውስጥ ክፍሎቹ ለዚያ ጉልበት የተዘጋጁ ናቸው፤ የእርስዎ ግን አይደለም። ነዳጁ ከተጨመረ የቃጠሎው ሙቀት ስለሚጨምር፣ የአሉሚኒየም ፒስተን አናት ይለሰልሳል፣ በሞተሩ ክዳን ሥር ያለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ፒስተኑን የከበበው ፋሻም ይነክሳል። አንድ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ካለ ሞተር የወጣ ፒስተን በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ መሐሉ እንደ ሻማ ቀልጦ ጠርዙ ላይ ተንጠባጥቦ ረግቷል፣ በቀዳዳውም አውራ ጣቴ ያልፍ ነበር። ባለቤቱ የነገረኝ ሞተሩ አደጋው እስከ ደረሰባት ሰዓት ድረስ እንደዚያ ቀን ሮጦ እንደማያውቅ ነው።

ስለዚህ ከቱርቦው ጋር አብረው ሁለት ጌጆች ያስገጥሙ፤ አንዱ የቱርቦውን ግፊት፣ ሌላው ከተርባይኑ በፊት ያለውን የጭስ ሙቀት የሚያሳይ። ረጅም ዳገት ላይ ሙቀቱ ወደ 650 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ነዳጅ ይቀንሱ፣ ማርሽም ያክብዱ። የሙቀቱን ጌጅ ለመግዛት ገንዘቡ ካልተረፈዎ ቱርቦውም ይቆይ እላለሁ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

የቱርቦው ልክም ወሳኝ ነው። ከትልቅ ሞተር የተፈታ ከሆነ በእርስዎ ጭስ በቅጡ ሳይሽከረከር ዳገቱ ያልቃል፤ ከትንሽ የተፈታ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ስስ አየር ባለበት ደጋ፣ ከሚገባው በላይ ሮጦ ይሰበራል። ከ5.5 እስከ 6 ሊትር ከሚይዝ የናፍጣ ሞተር የተፈታ፣ ዌስትጌት የሚባለው የትርፍ ጋዝ ማሳለፊያ ያለው ቢያገኙ ይመረጣል። የሚመለሰውን ጉልበት የሚሸከመው እሱ ነውና ፍሪሲዮኑም ይታይ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአየር ማጣሪያውን ያስቀይሩ፣ ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች ያስመርምሩ፣ የፖምፓውንም ልክ በመመርመሪያ ማሽን ያስለኩ። ግማሹ ጭስ እዚያው ሊቀር ይችላል። ፍሬኑንም አይርሱ፤ ከጎሐ ጽዮን ለመመለስ ወደ ወንዙ የሚወርዱት ከ1,400 ሜትር በላይ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቱርቦ አያግዝዎትም።

ጥያቄ፦ እኔም በአሮጌ የጭነት መኪናዬ ላይ ቱርቦ አስገጥሜ በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሁለቱም ዘይት ወደ አየር መስመሩ እየተፉ ተበላሹ። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ይሆን?
— ሾፌር፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ብልሽት ከሄዱ እኔ ቱርቦውን አልጠረጥርም። የዘይት መመለሻውን ቱቦ ይመልከቱ። ዘይቱ ወደ ቱርቦው የሚገባው በዘይት ፖምፓው ግፊት ነው፤ የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ መመለሻው ከመግቢያው በብዙ የሰፋ፣ የትም ሽቅብ የማይታጠፍና ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው ላይ ከዘይቱ ወለል በላይ የሚገባ መሆን አለበት። በብዙ የጋራዥ ሥራ ቱቦው ቦታ አጥቶ ይጠመዘዛል፤ ዘይቱ መውረጃ ሲያጣ በማኅተሙ በኩል ወደ አየር መስመሩ ይወጣል። ቱቦው ደኅና ከሆነ የሞተሩ መተንፈሻ መደፈኑን ያስመርምሩ። ሞተሩንም ዳገት ጨርሰው እንደቆሙ ወዲያው አያጥፉት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ አለበለዚያ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እንደ ከሰል ይደርቅና ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ብሮንዚና ይበላዋል።