ፊልም ስታዩ ዝም ያለውን ሰው ፈልጉ

ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ገንዘብ መላክን የማውቀው ከአንድ ወገን ብቻ ነበር። ደመወዝ ይገባል፤ ወደ ገንዘብ አስተላላፊው እሄዳለሁ፤ የሚስጥር ቁጥሩን በስልክ እናገራለሁ፤ ጉዳዩ ለእኔ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ «ማንዳቢ» የተባለ የሴኔጋል ፊልም ነው።

ፓሪስ ውስጥ ጎዳና የሚጠርግ አንድ ወጣት፣ ዳካር ለሚኖረው አጎቱ ለኢብራሂማ ዲየንግ የ25,000 ፍራንክ ሐዋላ ይልካል። 20,000ው ለላኪው እንዲቀመጥለት፣ 3,000ው ለእናቱ እንዲሰጥለት ነው፤ ለዲየንግ የሚደርሰው 2,000 ብቻ ነው። ዲየንግ ሥራ የለውም፤ ሁለት ሚስቶችና ሰባት ልጆች አሉት። አብሮ የመጣውን ደብዳቤ ማንበብ ስለማይችል ለሌላ ሰው ሰጥቶ ያስነብባል። ፖስታ ቤት ሲደርስ መታወቂያ አምጣ ይሉታል፤ ለመታወቂያው የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ቴምብር ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሳይገባ ወሬው ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሰዋል፤ ብድር የሚለምነው ሁሉ ደጁን ይጠናል። በመጨረሻም የተማረ ዘመዱ ውክልና አስፈርሞት ገንዘቡን ይበላበታል።

ፊልሙን ማየት ስጀምር ልቤ ከጎዳና ጠራጊው ልጅ ጋር ነበር፤ እኔ እርሱ ነኝና። ታሪኩ ግን ልጁን ፓሪስ ትቶት ከሽማግሌው ጋር ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይንከራተታል። በማግስቱ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ። «እትዬ፣ የምልክልሽን ለመቀበል ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? ማን አብሮሽ ይሄዳል? መቀበልሽን ማን ማን ያውቃል?» አልኳት። ለዓመታት ስንደዋወል አንድም ቀን ጠይቄያት የማላውቀው ነገር ነው። ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ነገረችኝ። የነገረችኝ የራሷ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ከዚያ ወር ጀምሮ ግን የምልክበት ቀንም መንገዱም ተለወጠ።

ለእናንተ ያለኝ ምክር ከዚህ የወጣ ነው። ፊልም ስታዩ በጣም የሚናገረውን ሰው ለጊዜው ተዉትና ዝም ያለውን፣ ዝም የተባለውን፣ ስለ እርሱ እየተወራ እርሱ ግን የማይጠየቀውን ሰው ፈልጉ። ስለ ኅብረተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን እዚያ ነው። ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚያወጡት ገንዘብ ብዙ በመሆኑ ተመልካች እንዳይሰለች ይፈራሉ፤ ስለዚህ ዝምታን በሙዚቃና በሩጫ ይሞሉታል። በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ወረፋ የሚጠብቅ ሽማግሌ ፊት ላይ ለመቆየት ድፍረት አለው። እርግጥ ቀስ ያለ ፊልም ሁሉ ጥልቅ አይደለም፤ ምንም የሚለው ሳይኖረው የሚንቀራፈፍም አይቻለሁ። ያን ስታገኙ ያለ ሐፍረት ዝጉት።

የማንዳቢ ዳይሬክተር ኡስማን ሴምቤን ራሱ ስደተኛ ነበር፤ ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሯል። ልብ ወለድ ጽፎ ስሙ ከታወቀ በኋላ ወደ ፊልም የዞረው አብዛኛው ወገኑ ማንበብ ስለማይችል ነው። ማንዳቢን በወሎፍ ቋንቋ ሠራው፤ በመሥሪያ ቤቶቹ መስኮት በኩል ዲየንግን የሚያሸማቅቀው ግን ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ የውጭ ፊልም ስትመርጡ ድምፁ በሌላ ቋንቋ የተተካበትን ትታችሁ፣ የመጀመሪያ ድምፁ ያለበትንና ከግርጌው የትርጉም ጽሑፍ ያለውን ውሰዱ። ሁሉም ተዋናይ በአንድ ቋንቋ ሲናገር ማን በማን ላይ እንደሚጮህ ይጠፋል። ጽሑፍ እያነበቡ ማየት ያደክማል የሚል ሰው ያጋጥመኛል። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ እየሰማን በራሳችን የምናስብ ሰዎች ነን፤ ለዚህ ከማንም በላይ የሠለጠንን ነን።

ሴምቤን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሠራው «ብላክ ገርል» በሚል ስም የሚታወቀው ፊልም አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዲዋና ዳካር ውስጥ ልጆች እንድትጠብቅ ተቀጥራ ነበር፤ ፈረንሳይ አንቲብ ስትደርስ ግን ወጥ ሠሪና ቤት ጠራጊ ትሆናለች። በአሠሪዎቿ ፊት የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ በውስጧ ግን ያለማቋረጥ ስታወራ እንሰማታለን። ከእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ እንኳን መልሱን በእርሷ ስም የሚጽፉት አሠሪዎቿ ናቸው። በሰው ቤት ሠርታችሁ የምታውቁ እህቶቼ፣ ይህን ብቻችሁን አትዩት። መጨረሻው ሞት ነው፤ ከጎናችሁ የምታምኑት ሰው ይኑር።

አኒሜሽንን የልጆች ነገር ብለን የምናልፍ ብዙ ነን። እኔም እንዲያ ነበርኩ፤ «ፍሊ» የተባለውን የዴንማርክ ፊልም እስካይ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ነው፤ በኦስካር በአኒሜሽን፣ በዘጋቢ ፊልምና በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ በአንድ ጊዜ ታጭቷል። ከካቡል ሸሽቶ፣ በሞስኮ አልፎ፣ ዴንማርክ በልጅነቱ ብቻውን የደረሰ ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው። ፊልሙ ውስጥ አሚን ይባላል፤ እውነተኛ ስሙ ግን ይህ አይደለም። ዳይሬክተሩ የወጣትነት ጓደኛው ነው፤ ታሪኩን በሥዕል የሠራውም ፊቱን ለመሸሸግ ነው። አሚን ለረጅም ዓመታት ቤተሰቦቹ አልቀዋል ሲል ኖሯል፤ እንዲህ በል ተብሎ ነበርና። ትዝታው ሲከብድበት ወይም ሲደበዝዝ ሥዕሉም ይለወጣል፤ ሰዎቹ ፊት አልባ ይሆናሉ፣ መስመሩ በከሰል እንደተጫረ ጥላ ይሆናል። ካሜራ የፊትን ገጽታ ይቀርጻል፤ አንድ ሰው ሊያስታውስ ለማይፈልገው ነገር መልክ ለመስጠት ግን ሥዕል ያስፈልጋል።

ከመካከላችን ለስደተኞች ቢሮ የተናገረው ታሪክና በልቡ የያዘው ታሪክ የተለያየበት ሰው ስንት እንደሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን። በዚህ ማንንም አልፈርድም። እንዲያ ያለ ሸክም ያለበት ወዳጅ ካላችሁ ጥያቄ አታብዙበት፤ ፊልሙን አብራችሁት እዩ። ስለ አሚን ማውራት ስለ ራስ ከማውራት ይቀላል፤ ከአሚን ወደ ራሱ የሚሻገርበትን ሰዓት ራሱ ይመርጣል።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ የኢራናዊውን የአባስ ኪያሮስታሚን «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. የ1987 ፊልም ነው፤ ጠብም ጩኸትም የለበትም። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ጓደኛው ነገ ያለ ደብተር ከተገኘ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ልጁ ደብተሩን ለመመለስ ለእናቱ ደጋግሞ ያስረዳል፤ እናቱ የቤት ሥራህን ሥራ ትለዋለች። አያቱ ሲጋራ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ልጁ መታዘዝን እንዲማር ብቻ፣ ሄደህ ሲጋራ አምጣልኝ ይለዋል። ሁሉም ትልቅ ሰው ያዝዘዋል፤ የሚሰማው የለም። ይህን ፊልም ከልጆቻችሁ ጋር ስታዩ አስቀድማችሁ ትርጉሙን አትንገሯቸው። ሲያልቅም ከዚህ ምን ተማራችሁ አትበሉ፤ ያ የፈተና ጥያቄ ነው። «የትኛው ሰው አናደዳችሁ?» በሏቸው፤ ከዚያ የሚመጣውን መልስ ለመስማት ራሳችሁን አዘጋጁ።

እነዚህን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በብዙ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ካኖፒ በተባለው አገልግሎት በነፃ ፊልም ማየት ይችላል፤ የቤተ መጻሕፍታችሁን ሠራተኛ ጠይቁ። የራሳችን ሰው ሥራ በከተማችሁ ሲታይ ግን ትኬት ቁረጡ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሂዱ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርተው የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ሲያጡ አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳይተዋል፤ ፊልሙን ያቆመው በአፍ ከአፍ እየተጠራራ የመጣው ሕዝብ ነው። ሌላው ፊልማቸው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ነው።

እኛ ቤት ሲኒማ የምናይበት ቀን በወር አንድ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ሰው እንሆናለን። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ሳናበራ ትንሽ እንቆያለን፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው ከሁላችን ታናሽ የሆነው ነው። የኪያሮስታሚን ያየን ቀን ታናሻችን የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነበር። «አያቱን አናገርኩት» አለ። እንዴት ብለን ስንጠይቀው፣ በፊልሙ መካከል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ እየነገረህ ነው እኮ» ብሎ ደጋግሞ ማለቱን ነገረን። ከጎኑ ተቀምጬ አልሰማሁትም ነበር።