የቤት ብሬከር ለሶላር ይሆናል ወይ?

የአዘዞው ወንድሜ፣ «10 ፓነል በተርታ፣ የአንዱን ፕላስ ከሚቀጥለው ማይነስ ላገናኝ ነው፤ ሻጩ የቤት ብሬከር ይበቃል አለኝ፣ ልመነው?» ብለሃል። አትመነው።

ጎንደር ውስጥ ሶላር ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ማራኪ በሚባለው ሰፈር ሌላ ሰው የገጠመውን እንዳይ ተጠራሁ። የቤት ብሬከር በፓነሉ በኩል ገብቷል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ውስጡ ከስሏል። የቤቱ እመቤት «አጥፍቼው እኮ ነው፣ ግን ይንጣጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የቤታችን መብራት ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚቀያይር ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ብሬከሩ ሲጠፋ የሚነሳው ብልጭታም እዚያው ይሞታል። ከፓነል የሚመጣው ዲሲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ዜሮ የለውም። ብልጭታው እንደ ብየዳ ይቀጥላል። ስለዚህ ዲሲ ተብሎ የተጻፈበትን ግዛ፤ ቮልቱም ከፓነሎችህ ድምር ይብለጥ። ፕላስና ማይነስ ምልክት ካለው አታገላብጠው።

ብሬከሩን ብታጠፋም ፀሐይ እስካለች ድረስ ከጣሪያው እስከ ብሬከሩ ያለው ገመድ ሙሉ ቮልቱን እንደተሸከመ ነው። ይህን ለቤተሰብህም ንገር።

ከብሬከሩ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ግን 10 ያልከው ቁጥር ነው። የአንዱ ፓነል ክፍት ቮልት (ምንም ሳይገናኝበት የሚለካው) 49 ነው ብለሃል፤ ድምሩ 490። ኢንቨርተርህ (ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚቀይረው መሣሪያ) የሚችለው 500። የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን 49 የተለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ነው። ፓነል ሲበርደው ቮልቱ ይጨምራል፣ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ። የጥቅምትን ንጋት ታውቀዋለህ። 8 ዲግሪ ብንል 490ው ወደ 515 ይወጣል፤ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። 9 አድርገው፤ በዚያው ብርድ 464 አካባቢ ይሆናል።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀታቸውን በደንብ አያወጡም። መመሪያው ላይ ይህን ፈልግ።

ባትሪ ካለህ ፊውዙ ከባትሪው ራስ አጠገብ ይሁን። የፓነሎቹን ፍሬምና የቆርቆሮውን ብረት አንድ ላይ ከመሬት አገናኝ፤ የመብረቅ መከላከያም ጨምርበት። የሐምሌ ነጎድጓድ ሲመጣ ትፈልገዋለህ።

ምንም ከማገናኘትህ በፊት የፓነሉን ጀርባና የኢንቨርተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። አብረን እናሰላዋለን።