ምሳ ዕቃው እንደ ሞላ ሲመለስ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። የ8 ዓመት ልጅ አለኝ። ጠዋት እንጀራ በሽሮ ቋጥሬ እልከዋለሁ፣ ማታ ምሳ ዕቃውን እንደ ሞላ ያመጣዋል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቺብስና ለስላሳ እየገዛ ነው የሚውለው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ባነሣው «ይሄ የየቤታችሁ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። እውነት የቤት ጉዳይ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ልጅሽ ቀኑን የሚውለው እዚያ ነው። ጓደኛው የሚበላውን ያያል፣ የዘይቱ ሽታ ከበሩ ይጠራዋል፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሳንቲም አለ። ይህን ሁሉ አንቺ ብቻሽን ከቤት ሆነሽ አትችይውም።

ግን መጀመሪያ ምሳ ዕቃውን እንየው። ሽሮ እንከን አይወጣለትም። ጤፍና ሽምብራ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ጥሩ ገንቢ ምግብ ናቸው። ችግሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተቋጥሮ 6 ሰዓት ላይ ሲከፈት ነው፤ እንጀራው ርሶ፣ ሽሮው ቀዝቅዞና ረግቶ፣ ልጁም ጓደኞቹ ፊት ሊከፍተው ያፍራል። ሽሮውን ለእራት አቆዪለት። ለምሳ ደረቅ ያለ ነገር ቋጥሪለት፦ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ፣ የዳጉሳ ቂጣ፣ ቅቅል ድንች፣ ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል። ዳጉሳን «የድሃ እህል» ብለን እንንቀዋለን እንጂ በካልሲየም ስንዴን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ከጎኑ ዘይቱን ጣል አድርጊበት። በየግቢያችን ወድቆ የምንረግጠው ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በ4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ የእህሉን ብረትም ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አትላኪ፤ ሻይ ብረቱን ይይዝበታል።

አሁን ወደ ለስላሳው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ በሻይ ማንኪያ 7 ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለ የተጨመረ ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ አይለፍ ይላል። ለ8 ዓመት ልጅ አንዱ ጠርሙስ ብቻ አብዛኛውን ይጨርሰዋል። ልጁ ጠግቦ ሳይሆን በስኳር ተሞልቶ ነው ምሳውን የሚመልስልሽ።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ ታዲያ ምንድን ነው? አንድ ገጽ የሞላ የጽሑፍ ደንብ ይበቃል። አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ አላት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል፤ ስለዚህ ርእሰ መምህሩን ስታናግሪው ከራስሽ ያመጣሽው ነገር አይደለም። ደንቡ ውስጥ እኔ የምፈልገው ልጆቹ ተቀምጠው የሚበሉበት በቂ ሰዓትና ጥላ፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና ነው። መምህር ጎበዝ ተማሪን በከረሜላ አይሸልም። ያጠፋውንም በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ አስቀርቶ መክሰሱን አያስቀርበት። ስሙ ከለስላሳ ማስታወቂያ ጋር አብሮ የተሳለ ትምህርት ቤት ካለም ያንን ይቀባው፤ ልጆቹ በየቀኑ የሚያነቡት እሱን ነው።

በር ላይ የምትሸጠዋን እናት ግን አታስባርሯት! ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። እኔ በወላጅ ኮሚቴ በነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ሻጮቹን በጥበቃ አስነሣናቸው። በሳምንቱ ከአስፋልቱ ማዶ ተቀመጡ፣ ልጆቹም በባጃጅ መሀል እየተሽለኮለኩ መሻገር ጀመሩ። ደንግጠን ጠራናቸው፣ አነጋገርናቸው። እነሱ የሚፈልጉት የሚሸጥ ነገር ነው እንጂ ቺብሱን ወደውት አይደለም። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝና ግብጦ ይዘው ግቢ ውስጥ እንዲሸጡ ተስማማን። ግብጦው ቀድሞ ያልቅ ነበር። (ግብጦ ተቀቅሎ፣ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱ ፈጽሞ መውጣት አለበት። መራራው ይጎዳል፣ ስለዚህ ከምታውቋት ሴት ግዙ።) አንቺም በሚቀጥለው ስብሰባ ብቻሽን አትነሺ። አራት አምስት ወላጆች አስቀድማችሁ ተነጋገሩና አብራችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ገጠር የ5ኛ ክፍል መምህር ነኝ። የሥነ ምግብ ክበብ አቋቁም ተባልኩ፣ በጀት ግን የለም። ፖስተር ለጥፌ ቁጭ ብያለሁ። ወላጆችን ስጠራም የሚመጡት ጥቂት ናቸው።

መልስ፦ መምህር፣ ወላጆቹን አይጥሯቸው፣ እነሱ ያሉበት ይሂዱ። እድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ቡና የሚጠጣበት ቤት አለ። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይዘው ይሂዱና ንግግሩን ትተው ድስት ይጣዱ። ከየቤቱ አንድ ጭብጥ የዳጉሳ ዱቄት፣ ትንሽ የሽምብራ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ካሮት ከመጣ ገንፎ ይሆናል። ሕፃናቱ እዚያው ይቅመሱት። ልጇ ሲበላ ያየች እናት ፖስተር አያስፈልጋትም።

ተማሪዎችዎ ደግሞ ትልቅ ሀብት ናቸው። እናት እርሻ ስትውል ታናሹን የሚያበላው የእርስዎ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ሲገባ ዓላማው በ2022 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለዕድሜ የሚገባ ቁመት ማጣት፣ እንዲቀር ነበር። ይህ የሚሆነው እህትየዋ ቀጭን አጥሚት ከማጠጣት ይልቅ ወፈር ያለ ገንፎ በማንኪያ ማብላት ስታውቅ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ በአሻንጉሊትም ቢሆን ያለማምዷቸው።

በእናንተ አካባቢ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛው ጓያ ነው። ርካሽ ስለሆነና ውኃ ባቆረ መሬትም ስለሚበቅል ሽሮ ውስጥ ይገባል፣ በክፉ ዓመት ደግሞ ብቸኛ ምግብ ይሆናል። ለወራት በብዛት ከተበላ እግር ሽባ ያደርጋል፤ ሲሽመደመድ ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛው ብልሃርዚያና የሆድ ትል ነው። ሐይቅ ዳር የሚዋኝ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ የቱንም ያህል ቢበላ ደሙ ሊያንስ ይችላል። የትል መድኃኒት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ የቀረ ልጅ እንዳይኖር ስም እየጠሩ ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 1 ዓመቷ ነው። ዓሣ ላብላት ወይስ ልጠብቅ? አጥንቱን እፈራለሁ።

መልስ፦ አብያት፣ 6 ወር ካለፋት ጀምሮ ይቻላል። ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገ ቀጫጭን አጥንት ስላለው ለእሷ አይሆንም። ቀረሶ (ቲላፒያ) በፊሌቶ ግዢላት። አምባዛም አጥንቱ ጥቂት ነው፣ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ቤተሰቦች ቢኖሩም። አትጥበሺው፣ በደንብ ቀቅይው፣ ከዚያ መብራት ባለበት ቦታ ሥጋውን በጣቶችሽ እየፈረፈርሽ ሁለት ጊዜ ፈትሺው። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጪላት፣ የባሕር ዳር ሙቀት ለዓሣ አይመችም።