ዲም ብቻ ይበቃል ወይስ ፊኛም ይለቀቅ?

ከላሊበላ በላይ ባለ ተራራ ለቴሌስኮፕ ቦታ ልትመርጥ፣ የአየሩን ተርቡለንስ (የኮከብን ምስል የሚያናውጠውን መታወክ) በዲም (DIMM፣ የአንድ ኮከብ ሁለት ምስሎች አንዱ ከሌላው አንጻር ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጡ በሚለካ ትንሽ ቴሌስኮፕ) ብቻ ልለካ ወይስ ፊኛም ልልቀቅ ላልከው ወንድሜ፦ በዲም ጀምር፣ ፊኛው ይደርሳል።

1. ዲሙን መሬት ላይ አታቁመው። ሌሊት አፈሩ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ያለው አየር ይታወካል፤ ቢያንስ 5 ሜትር ማማ ላይ አውጣው።

2. የካሜራው አንድ ፒክሴል ሰማይ ላይ የሚሸፍነውን ስፋት ካታሎጉ ላይ በተጻፈው የፎካል ርዝመት አታስላ። ቴሌስኮፑ ሽሚት-ካሴግሬን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ፎከስ ባስተካከልክ ቁጥር መስተዋቱ ይንቀሳቀሳል፣ ርዝመቱም አብሮ ይለወጣል። ሞተሩን አጥፋና ከሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ በራሱ ይሂድ፤ በሰከንድ 15 አርክሰከንድ ይጓዛል፣ አንተ ስንት ፒክሴል እንዳለፈ ቁጠር። እዚህ 10 በመቶ ከተሳሳትክ ሲይንጉ (ተርቡለንሱ የኮከቡን ምስል የሚያሰፋበት መጠን፣ በአርክሰከንድ) 12 በመቶ ይሳሳታል።

3. ኤክስፖዠር፣ ማለትም አንዱ ምስል የሚነሳበት ጊዜ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ደግሞ ውጤቱ ስለሚያምር ማንም አይጠረጥርም። በ10 ሚሊሰከንድ ብቻ ካነሳህ፣ ላይ ያለው ንፋስ ሲበረታ የኮከቡ መንቀጥቀጥ ምስሉ ሳያልቅ ይደበዝዛል፤ ቫሪያንሱ (የመንቀጥቀጡ መጠን በካሬ) ያንሳል፣ ተራራህም ገነት ይመስላል። በ5 እና በ10 ሚሊሰከንድ እያፈራረቅህ አንሳና ኤክስፖዠሩ ዜሮ ቢሆን ቫሪያንሱ ስንት እንደሚሆን አስላው። ለምሳሌ በ5 የተገኘው ቫሪያንስ 0.30፣ በ10 የተገኘው 0.24 ከሆነ የዜሮው 0.36 ገደማ ነው። ሲይንጉ የሚያድገው በቫሪያንሱ 0.6 ፓወር ስለሆነ፣ በ10ሩ 0.8 አርክሰከንድ ያልከው በእርግጥ 1.02 ነው! ካሜራው ራሱ የሚጨምረውን ኖይዝ መቀነስም አትርሳ፤ ኮከቡ ደብዛዛ ከሆነ እሱ ብቻውን ያሳስትሃል።

እንግዲህ ዲም የሚሰጥህ ከመሣሪያው በላይ ያለውን የተርቡለንስ ድምር ነው። ተርቡለንሱ 200 ሜትር ላይ ይሁን 12 ኪሎ ሜትር ላይ አይነግርህም፤ ፊኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፊኛው ከሚሸከመው ራዲዮሶንድ (ግፊትና ሙቀት እየለካ በሬዲዮ የሚልክ መሣሪያ) ጋር 1 ሜትር የተራራቁ፣ ውፍረታቸው ጥቂት ማይክሮን የሆነ ሁለት ሽቦዎች ይሰቀላሉ። የሙቀት ልዩነታቸውን ካሬ አድርገህ አማካዩን ያዝ። ከዚያ ግፊቱን በሄክቶፓስካል ወስደህ በ79 አባዛው፣ ለኬልቪን ሙቀት ካሬ አካፍለው፣ ለአንድ ሚሊዮንም አካፍል፤ የወጣውን ካሬ አድርገህ በአማካዩ ስታባዛ ሲኤን ካሬ (Cn²፣ በዚያ ከፍታ ያለው የተርቡለንስ ጥንካሬ) ይወጣልሃል። ቀን አትልቀቀው፣ ፀሐይ ሽቦዎቹን ታሞቃቸዋለች። መሣሪያውን ከፊኛው የሚያንጠለጥለው ገመድም 100 ሜትር ያህል ይሁን፤ ካጠረ መሣሪያው የሚለካው ፊኛው ራሱ የበጠበጠውን አየር ነው።

የበረራ ፈቃዱን ግን ዛሬውኑ ጀምር። ከመስኮት መስኮት ያንከራትቱሃል፣ «ፊኛ ለልደት ነው?» የሚልም አይጠፋም። የመሣሪያውን ክብደት፣ የሚለቀቅበትን ሰዓትና የሚደርስበትን ከፍታ በደብዳቤው ላይ አስቀድመህ ጻፍ።