«ሎብስተር አምጪ» ሲሉኝ የትኛውን ላምጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? እኔ ዱባይ አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው። ሼፉ «ሎብስተር አምጪ» ብሎ ይልከኛል፤ ያንን ጠንካራ ልባስና ብዙ እግር ያለውን የባሕር ፍጥረት ማለቱ ነው። ማቀዝቀዣውን ስከፍት አንዱ ትልልቅ መቆንጠጫ አለው፣ አንዱ ጭራሽ የለውም፣ አንዱ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁሉም ሎብስተር ነው የሚለው። በሃይማኖቴ ስለማልበላው በጣዕም ልለየው አልችልም። እባክዎ በምን ልለየው?
የኩሽናዋ፣ ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም እዚያው ባሕረ ሰላጤ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አንዱንም ቀምሼ አላውቅም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ሲባል ነው ያደግነው። ለዚህ ሥራ ግን ዓይንና እጅ ይበቃል።

መጀመሪያ ፊቱን እዪ። ሁለት ወፋፍራም መቆንጠጫ ካለው የቀዝቃዛ ባሕር ሎብስተር ነው። በሕይወቱ ሲመጣ መቆንጠጫው በላስቲክ ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከካናዳ ወይም ከአሜሪካዋ ሜይን ነው የሚመጣው። የአውሮፓው ዘመዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ግን አልፎ አልፎ ሰማያዊ የአሜሪካ ሎብስተርም ስለሚገኝ ቀለም ብቻ አትመኚ። በዓይኖቹ መካከል ወደ ፊት የወጣውን ሹል ነገር ከሥሩ ዳብሺው። የአሜሪካው ከሥር እሾህ አለው፣ የአውሮፓው የለውም።

መቆንጠጫ ከሌለውና ወፍራም፣ ረጅም፣ እሾሃም አንቴና ካለው የሞቃት ባሕሩ እሾሃም ሎብስተር ነው። የሰፈራችሁ ሰው ማለት ይሄ ነው፤ ከኦማን፣ ከየመንና ከሶማሊያ ባሕር ይወጣል። የዓሣ ገበያ ሰዎች «ኡም ሩብያን» ይሉታል። ኦማን ውስጥ ማጥመድ የሚፈቀደው በማርችና በኤፕሪል ብቻ ስለሆነ ትኩሱ የሚበዛው ያኔ ነው።

ጠፍጣፋውም መቆንጠጫ የለውም። አንቴናው አጥሮና ሰፍቶ እንደ አካፋ ከፊቱ ተዘርግቷል። በእንግሊዝኛ «ስሊፐር ሎብስተር» ይባላል። እሱን ካየሽ ከሌላ ጋር አታምታቺውም።

ጣጣው ያለው ጅራት ብቻ ተቆርጦ በረዶ ሆኖ ሲመጣ ነው። ያኔ በረዶው እስኪለቅ ጠብቂና የጅራቱን ጫፍ፣ ማራገቢያ የሚመስለውን፣ ንኪው። ባለ መቆንጠጫው እስከ ጫፉ ድረስ ጠንካራ ነው። የእሾሃሙ የኋላ ግማሽ ግን ስስና ተጣጣፊ ነው። የካሪቢያኑ እሾሃም ደግሞ ጅራቱ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ትልልቅ ነጠብጣብ አለው። ከተቀቀለ በኋላ በቀለም ለመለየት አትሞክሪ። በጥሬው ጥቁር አረንጓዴም ይሁን ሰማያዊ፣ ቀዩ ቀለም ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ ሙቀት ሲያላቅቀው ሁሉም ይቀላል።

ቀጭን፣ ረጅም መቆንጠጫ ያለውና በሕይወቱም ሐመር ብርቱካንማ የሆነው ትንሹ ላንጉስቲን ነው። «ላንጎስቲኖ» የሚል ከረጢት ካየሽ ግን ቆም በዪ። ከስፔን ከሆነ ትልቅ ሽሪምፕ ነው። ከቺሊ የሚመጣው የተላጠ ሥጋ ደግሞ ከሎብስተር ይልቅ ለሸርጣን ይቀርባል። እሱን ሜኑ ላይ ሎብስተር ብሎ መጻፍ ለእኔ ደንበኛን መሸወድ ነው። «ክሬይፊሽ» የሚልም ይገጥምሻል። የደቡብ አፍሪካ ካርቶን ላይ ከሆነ ያው እሾሃሙ ሎብስተር ነው፤ የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ከሆነ ግን የወንዝና የረግረግ ትንሽ ፍጥረት ነው። ይሄ ትንሹ በ1970 እ.ኤ.አ. ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ተለቆ እዚያው ተራብቷል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊት ናት፣ ሎብስተር ትወዳለች። እንቁላሉን ስለምትፈልግ «ሴቷን ግዛልኝ» ትለኛለች። እንዴት ነው የምለየው? ውስጡ ያለው አረንጓዴ ነገርስ ምንድን ነው?
ከቦስተን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩን ገልብጦ እንዲያሳይህ ጠይቀው። እግሮቹ አልቀው ጅራቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጥንድ ትንንሽ መዋኛዎች አሉ። የወንዱ ጠንካራ፣ የሴቷ ቀጭንና ለስላሳ ናቸው። የሴቷ ጅራትም ሰፋ ይላል። ሴት ሁሉ ግን እንቁላል አትይዝም፤ ለባለቤትህ ቀድመህ ንገራት። የውስጡ እንቁላል በጥሬው ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ይቀላል። ከሆዷ ሥር በውጭ እንቁላል የተሸከመችውን ገበያ ላይ አታገኛትም፤ ሕጉ ወደ ባሕር መልሷት ነው የሚለው።

ከበሰለም በኋላ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ለስላሳው ነገር ጉበቱ ነው። «ነፍስ ነው» የሚሉ በላተኞች አሉ። ነገር ግን የባሕር ብክለት እዚያ ስለሚጠራቀም የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት አትብሉት ይላሉ። ባለቤትህ ነጩን ሥጋና ቀዩን እንቁላል ትብላ፣ አረንጓዴው ይቅርባት።