ጌም ውስጥ ገብተን የቀረንባቸው ደቂቃዎች፦ ጥያቄና መልስ ከድሬ

ከዚራ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ስክሪን መሆኑን ስለሚያስረሱ ጌሞች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ።

ጥ፦ አንተን ራስህን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠህ የቱ ነው?

መ፦ ሜታል ጊር ሶሊድ፣ የ1998ቱ። ሳይኮ ማንቲስ የሚባል ጭንብል ያጠለቀ ጠላት አለ፤ ሐሳብ አነባለሁ ባይ ነው። መጀመሪያ ሜሞሪ ካርድህን ይበረብራል። የጌሙ ሠሪ የኮናሚ ሌሎች ጌሞች ሴቭ ተደርገው ካገኘ አንዳንዶቹን በስም ይጠራብሃል። ቀጥሎ ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጥ ይላል። አስቀመጥን። ሲሚንቶው ላይ ድርርር እያለ በራሱ መሄድ ጀመረ! አንዱ ጎረምሳ "ወላሂ ጂኒ ነው" ብሎ ወጣ። ሒሳብም አልከፈለም። ቫይብሬሽን መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው።

ውጊያው ላይ ደግሞ የምትጫነውን ሁሉ ቀድሞ ስለሚያውቅ አይመታም። ዘዴው ጆይስቲኩን ነቅሎ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። ያኔ ማንበብ ያቅተዋል። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ጥ፦ ዋናው ግራፊክስ አይደለም እንዴ? (ከሳቢያን)

መ፦ አቦ ተወኝ! የ2004ቱን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዛሬ ብታየው ሰዎቹ ካርቶን ይመስላሉ። ግን የጌሙ ከተማ ሎስ ሳንቶስ ላይ ያ ብርቱካንማ ጭጋግ ሲወርድ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ድሬ ከታይዋን ገበያ ስትወጣ የሚቀበልህን አቧራና ሙቀት ነው የሚመስለው። ፕሌይስቴሽን 2 ሩቁን ቦታ አጥርቶ ማሳየት ይከብደው ነበር፤ ጭጋጉ ጉድለቱን ሸፈነለት።

ጥ፦ ታናሽ ወንድሜን ጌም ላይ ሲያለቅስ ያዝኩት። ጤና ነው?

መ፦ እህቴ፣ አትሳቂበት። ዘ ላስት ኦፍ አስ (2013) ከሆነ እኔም አልቅሻለሁ። ጆኤልና ኤሊ የሚባሉ ጎልማሳና ልጅ በወረርሽኝ የጠፋ አገር ያቋርጣሉ። ሞትና መከራ ነው። ሶልት ሌክ ሲቲ ሲደርሱ ግን በፈረሰ ሕንፃ መሐል ቀጭኔ ያገኛሉ። ኤሊ ትዳብሰዋለች። ከዚያ ከፍ ብለው ቆመው መንጋውን ያያሉ። እዚህ ጋ ጌሙ አያጣድፍሽም፤ ተነሺ እስክትዪ ድረስ እዚያው ናቸው። በሰዓት እየከፈለ አንድም ቁልፍ ሳይነካ የተቀመጠ ደንበኛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዓቱን አልቆጠርኩበትም።

ጥ፦ ኦንላይን ስድብ ሰለቸኝ። ሌላ ነገር የለም?

መ፦ ጆርኒ፣ 2012። በበረሃ አድርገህ ወደ ተራራ ትጓዛለህ። መንገድ ላይ ሌላ ተጫዋች ሊያጋጥምህ ይችላል። ስም የለ፣ ማይክ የለ፣ ጽሑፍ የለ። ያለህ አጭር ጥሪ ብቻ ነው። ስትጠጋጉ የአንገት ልብሳችሁ ኃይል ይሞላል፣ ስለዚህ በረዶው ላይ ተጠጋግታችሁ ትወጣላችሁ። የሰውየውን ስም የምታየው ካበቃ በኋላ ነው። በረዶ አይተን የማናውቅ የድሬ ልጆች ላብ በላብ ሆነን ያን ተራራ ስንወጣ፣ አንዱ "ቬንትሌተሩን አጥፉት፣ በረደኝ" አለ።

ጥ፦ ኢርፎን ለውጥ አለው?

መ፦ ለሄልብሌድ (2017) ግዴታ ነው። የዋናዋ ገጸ ባሕሪ የሴኑዋ ጭንቅላት ውስጥ ያሉት ድምፆች በጆሮህ ዙሪያ ይዞራሉ። ማታ ብቻህን አትሞክረው።

ጥ፦ ጀጎልን ጌም ብታደርገው የትኛውን ደቂቃ ትመርጣለህ? (ከሐረር)

መ፦ ይሄ ጥያቄ ተመቸኝ። ሌሊት፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ የድንጋይ ግንብ። ካርታ የለም፣ መንገድ የሚጠቁም ቀስት የለም። ከፊትህ ጅብ ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሠራው ሰይፍ ይሰጥሃል። እኔ ምንም አልሰጥህም። ግድግዳው ላይ ትለጠፋለህ፣ ጅቡ ልብስህን ታክኮ ያልፋል፣ ጆይስቲኩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በቃ።